የትንሿ ጭነት መኪና ባሌስትራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ የጭነት መኪና ለማየት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ በሪሞት ለምትነዳ ትንሽ መኪና ሰስፔንሽን (የመንገዱን ንቅናቄ የሚያለዝበውን ክፍል) ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የትልቁን ሆድ ያያል። አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው ያየውን እንዳለ አሳንሶ ሲቀዳው ነው።

ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። ትልቁ መኪና ከኋላ ስምንት ፍሬ ባሌስትራ (ተደራርቦ ክብደቱን የሚሸከም፣ ቀስት የመሰለ የሞላ ብረት) ካለው፣ ለትንሿም ስምንት ይደረደርላታል። ሲያዩት ያምራል፤ ሲነዳ ግን ድንጋይ ነው። መኪናዋን በ1/10 ስታሳንሷት ርዝመቷ አሥር እጅ ይቀንሳል። ክብደቷ ግን በርዝመትም በወርድም በቁመትም ስለሚቀንስ አንድ ሺህ እጅ ይወርዳል። የባሌስትራው ጥንካሬ ደግሞ የሚወርደው አሥር እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ልክ በልክ የተቀዳ ባሌስትራ ለመኪናዋ መጠን አሥር እጥፍ ይደርቅባታል። በ1/16 ሲሆን ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚሠሩት አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ፍሬዎች ይሁኑ። የቀሩትን ከሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ ጥቁር ቀቧቸው፤ ማንም አያውቅባችሁም። ደግሞ ለማጠንከር ወፍራም ብረት አትፈልጉ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። እኩል የሆኑ ሁለት ቀጫጭኖች ሲደረቡ ግን እጥፍ ብቻ ነው። እንዳይንሸራተት ብላችሁ በሱፐር ግሉ ካጣበቃችኋቸው ወፍራሙን ብረት መልሳችሁ ሠራችሁት ማለት ነው።

ሁለቱንም ጫፍ በቡሎን መቸንከር ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ባሌስትራ ቀስት ነው፤ ሲጫን ይዘረጋል፣ በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀትም ይረዝማል። መሄጃ ካጣ አይሠራም። የትኛውም ጋራዥ ገብታችሁ እዩ። አንዱ ጫፍ በፒን ተይዞ፣ ሌላው በምትወዛወዝ ማንጠልጠያ ላይ ነው። ያቺ ማንጠልጠያ ለጌጥ አልተቀመጠችም። ለትንሿ መኪና ከሁለት ቁራጭ ላሜራ ትሠራላችሁ፤ ጣጣው ያለው ዳዶው ላይ ነው። ጥርቅም አድርጋችሁ ካሰራችሁት ቸነከራችሁት ማለት ነው። ዳዶው ነክቶ ሲቆም ትንሽ መልሱትና በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ቆልፉበት። ባሌስትራውን ከማሰራችሁ በፊት ማንጠልጠያዋን በጣት ወደ ላይ ግፏትና ልቀቋት። በራሷ ክብደት ካልወደቀች አሁንም ጠብቃለች።

ብረቱንም እንዳገኙ መጠቀም አይሆንም። ተራ ላሜራ ይታጠፍና እንደታጠፈ ይቀራል። የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ መሰርሰሪያውን አልቀበል ይላል፣ ሲታጠፍም ቷ ብሎ ይሰበራል። እኔ የምመርጠው ያረጀ የዝናብ መጥረጊያ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ በጎማው ግራና ቀኝ የተሰካ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፤ እሱ እውነተኛ የሞላ ብረት ነው። የሐረጎን ዳገት በዝናብና በጭጋግ የሚወጣ የሚወርድ መኪና በሞላበት አገር ያረጀ መጥረጊያ አይጠፋም። ለመቅደድ እንዲለዝብ ብላችሁ ሙሉውን ግን እሳት ላይ አትጣሉት። ቀይ እስኪሆን ከጋለ በኋላ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብረት ሞላነቱ ያበቃለታል። መሃሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫፉን ብቻ አግሉና ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቅደዱት። መሃሉን ቀዳዳ ሳያስፈልግ በትንሽ ስታፋ (አቅፎ በሚይዝ የብረት ማሰሪያ) እሰሩት።

በባሌስትራ ፈንታ የእስክሪብቶ ሞላ የምትጠቀሙ ደግሞ መኪናዋ ዝቅ እንድትል ብላችሁ አትቁረጡት። ከዙሮቹ ግማሹ የተቆረጠበት ሞላ እጥፍ ይጠነክራል። ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ የሚታሰርበትን ቦታ ቀይሩ።

ዘይት ላይ ብዙ አልቆይም። የፍሬን ዘይት ሾካብዞርበር (ንዝረት ማርገቢያ) ውስጥ አይገባም፤ ቀለም ይልጣል፣ ፕላስቲክም ያበላሻል። የሞተር ዘይት በደሴ ብርድ ይወፍርና ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ይቀጥናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ገደማ ላይ፤ ጠዋት እዚያ ያስተካከላችሁት ከሰዓት እዚህ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ለሪሞት መኪና የሚሠራው የሲሊኮን ዘይት ይህ ብዙ አይታይበትም። እሱን ካጣችሁ ባዶውን ተዉት። የተደረቡ ፍሬዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ ራሳቸው ንዝረቱን ያረግቡታል። ለ1/16 መኪና ይህ በቂ ነው ባይ ነኝ።

ባትሪም ጭነትም ሳይኖር፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ነድቶ «ተሳካ» ማለትም አለ። ሙሉ ክብደቷን አሸክሟትና ልቀቋት። ሰስፔንሽኑ ከጠቅላላ ጉዞው ከሩብ እስከ ሲሶ መስመጥ አለበት። ጨርሶ ካልሰመጠ አንድ ፍሬ ቀንሱ። ጭነቱን ደግሞ ወደ ሻንሲው ዝቅ አድርጉት፤ ካቢናው ጣራ ላይ የተለጠፈ ክብደት መታጠፊያ ላይ ይገለብጣታል። ከዚያ ኮብልስቶን ላይ አውጧት። 10 ሳንቲሜትር የሚሆነው ድንጋይ ለ1/10 መኪና የአንድ ሜትር ቋጥኝ ነው፤ እውነተኛው ፈተና እዚያ ነው።

በመጨረሻ የፊት ግራውንና የኋላ ቀኙን ጎማ መጽሐፍ ላይ አውጡና ሌሎቹ ሁለቱ መሬት መንካታቸውን እዩ። እንደዚያው ሆና መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ። ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ከቦታው እንዳይወጣ፣ ጎማው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) እንዳይፍቅ ተመልከቱ። ከፋቀ ብዙ ሰው ባሌስትራ ይጨምርበታል። አትጨምሩ፤ ፓራፋንጎውን ሞርዱት።