የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆችን ጉባኤ ጎንደር ላይ ለማዘጋጀት

ፒያሳ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ እየመጣችሁ «ጉባኤ እናዘጋጅ» ለምትሉኝ አንባቢዎች ምክሬ ይኸው።

በትንሹ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 እንግሊዝ፣ ሊድስ የተሰበሰቡት የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች 20 ገደማ ነበሩ። በ1939 የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ኒው ዮርክ ላይ ሲካሄድ ግን 200 ያህል ሰው መጣ። እዚያው ከተማ ይካሄድ ከነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን ጋር ማገጣጠማቸው ብልህነት ነበር። እኛ ግን በጥምቀት ሰሞን እንዳንሞክረው! አልጋ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የካቲት ይሻላል፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለሚችል ምሳው በየዓይነቱ ይሁን።

ወንበር ከእድር ተከራዩ። ስትረከቡ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ፣ እግሩ የላላውን ለይታችሁ ፈርሙ፤ ንብረት ያዡ ስትመልሱ አይምርም።

የ1939ኞቹ አዘጋጆች በቡድን ጠብ የተነሳ ጥቂት አንባቢዎችን ከበር መልሰዋል፤ ጉዳዩ እስካሁን ይነሳባቸዋል። ከሌላ የንባብ ክበብ ጋር ከተቀያየማችሁ ሽማግሌ ልካችሁም ቢሆን ቀድማችሁ ታረቁ።

የሚከፍለው ሰው አባል እንጂ ተመልካች አይባል። ከ1953 ጀምሮ ለሳይንስ ልብ ወለድ ሥራዎች የሚሰጠውን የሂዩጎ ሽልማት አሸናፊዎች የሚመርጡት የዓለም ጉባኤው አባላት ናቸው፤ አዘጋጆቹም ደሞዝ የላቸውም። አበል የሚጠይቅ ካለ ከወዲሁ ይሰናበት።

የልብስ ትርኢትም አይቅር። ሚርትል ዳግላስ የተባለች አንባቢ በ1939ኙ ጉባኤ የወደፊቱን ዘመን ልብስ ሰፍታ ለብሳ ነበር የመጣችው። እኛም ጎበዝ ልብስ ሰፊ ሞልቶናል፤ ብቻ ቀጠሮ አያከብሩምና ልብሱን ከወር በፊት እዘዙ። ፊልም የምታሳዩ ከሆነ ደግሞ መብራት ቢሄድ እንዳይቋረጥ ጄኔሬተሩን ከነነዳጁ ማታውኑ አስመጡ።