ልጆች ኢላማ ሊተኩሱ ሲሄዱ የወላጅ ፈቃዱ ምን ይበል?

«ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ እንዲዝናና ፈቅጃለሁ።» ከሥሯ ፊርማና ስልክ ቁጥር። አዳማ ላይ የትምህርት ቤት ወይም የክበብ ጉዞ አስተባብሮ የሚያውቅ ሁሉ ይህችን ወረቀት ያውቃታል። ሶደሬ ለመዋኘትም፣ ለኳስ ግጥሚያም ያችው እየተባዛች ትሰጣለች። ለኢላማ ተኩስ ግን አትሆንም። ወላጅ በምን መሣሪያ፣ ከስንት ሜትር፣ ማን አጠገቡ ቆሞ እንደሚያስተኩሰው ካላወቀ ፈረመ እንጂ ፈቀደ አይባልም።

ከዚህ በታች ያለው በ10 ሜትር ርቀት፣ በ4.5 ሚሊሜትር የአየር ጠመንጃ ለሚደረግ የኢላማ ተኩስ ነው። በኦሎምፒክ የሚታየው የአየር ጠመንጃ ውድድርም ርቀቱና የጥይቱ ስፋት ይኸው ነው። ባሩድ ያለው ጥይት የሚተኮስ ከሆነ ድምፁም፣ አደጋውም፣ የሚጠየቀው ፈቃድም ሌላ ስለሆነ ይህ ወረቀት አይሸፍነውም።

መጀመሪያ የቦታው ፈቃድ

የወላጅ ፊርማ የመንግሥትን ፈቃድ አይተካም። የጦር መሣሪያን የሚመለከተው የአስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። «የአየር ጠመንጃ መጫወቻ ነው፣ ፈቃድ ምን ያደርጋል» የሚል አዘጋጅ ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩት፤ ይህንኑ ከሚመለከተው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያምጣ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለወላጅ ከሚሄደው ፎርም ጋር አያይዙ። ማምጣት ካልቻለ ጉዞው ቀረ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብም አያስፈልግም።

ለቀበሌውም ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ አሳውቁ። የአየር ጠመንጃ ድምፁ ሩቅ አይሰማ ይሆናል፤ በአጥር ቀዳዳ ጠመንጃ የያዘ ልጅ ያየ ጎረቤት ግን ስልክ ማንሳቱ አይቀርም።

ፎርሙ ላይ የሚጻፈው

አንድ ገጽ ይበቃል። በአንድ በኩል አማርኛ፣ በጀርባው አፋን ኦሮሞ ይሁን። አዳማ ውስጥ በአንድ ቤት አባት አንዱን፣ አያት ሌላውን የሚያነቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎርሙ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከመጣ አስተርጓሚው ልጁ ራሱ ይሆናል፤ ልጅ ሲያስተረጉም ደግሞ «ጠመንጃ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ትጠፋለች።

ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እኔ ________፣ የ________ (የልጁ ስም ከነአባትና ከነአያት) እናት / አባት / ሕጋዊ አሳዳሪ፣ ልጄ ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ________ በሚገኘው ቦታ፣ በ4.5 ሚሊሜትር የአየር ጠመንጃ፣ በ10 ሜትር ርቀት፣ የወረቀት ኢላማ ላይ፣ ተቀምጦና ጠመንጃውን አስደግፎ፣ ከ20 ጥይት ያልበለጠ እንዲተኩስ ፈቅጃለሁ። በተኮሰ ጊዜ ሁሉ አንድ አዋቂ አጠገቡ እንደሚቆም ተነግሮኛል። ትእዛዝ ካልሰማ ተኩሱን አቁሞ እንድወስደው እንደሚደወልልኝ አውቃለሁ። ፈቃዴን በማንኛውም ሰዓት፣ በስልክም ቢሆን፣ ማንሳት እችላለሁ።»

«ተቀምጦና አስደግፎ» የተባለው ለጌጥ አይደለም። የውድድር የአየር ጠመንጃ እስከ 5.5 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ለመዝናኛ የሚያዘው ቀለል ቢልም ብዙ ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ይህን ቆሞ ሲይዝ ከአራትና ከአምስት ጥይት በኋላ ክንዱ ይዝላል፣ አፈሙዙም ወደ ጎን መዞር ይጀምራል። አደጋ የሚመጣው ልጁ ሲያነጣጥር ሳይሆን ደክሞት ጠመንጃውን ሲያወርድ ነው። በአሸዋ የተሞላ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ችግሩን ግማሽ በግማሽ ይፈታዋል። የ20 ጥይት ገደቡም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጀማሪ ልጅ መሰላቸት ይጀምራል፣ የተሰላቸ ልጅ ደግሞ ወደ ጓደኛው ዞሮ ማውራት ይወዳል፤ ሲዞር ጠመንጃውም አብሮት ይዞራል።

ከ10 ዓመት በታች ያሉትን በእኛ አስተያየት ጨርሶ አትውሰዱ። ክንዱ ገና አጭር በሆነ ልጅ ትከሻ ላይ ሰደፍ በደንብ አይቀመጥም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «አቁም» ሲባል በቅጽበት ማቆም በዚያ ዕድሜ ከባድ ነው።

ብዙ ፎርም ላይ «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት አዘጋጁ ኃላፊነት አይወስድም» የሚል መስመር አለ። ሰርዙት። በቸልተኝነት የደረሰን ጉዳት የእናት ፊርማ ያጥበዋል ብሎ የሚተማመን አዘጋጅ ጥንቃቄውን እዚያው ላይ ይተዋል። ሕጉም ቢሆን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124 መሠረት አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል፤ ቁጥር 2125 ደግሞ ይህን ኃላፊነት እንደ ሁኔታው ወደ እናት፣ ወደ አሳዳሪ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ባለበት ጊዜም ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያሻግረዋል። ልጃቸው ሌላ ልጅ ቢጎዳ ጥያቄው ወደ እነሱ ሊዞር እንደሚችል ወላጆች ሲፈርሙ ይወቁት። በዚያች መስመር ቦታ «መነጽር ለሁሉም ልጅ እናቀርባለን» የሚል ቢገባ ይሻላል።

የጤና ጥያቄዎቹን አታብዙ፦ የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ መነጽር፣ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት። «ጤነኛ ነው» ለሚል መልስ ብቻ ቦታ ከተዋችሁ ሁሉም ጤነኛ ይሆናል፤ እያንዳንዱን በ«አለ / የለም» ያክብቡት። ከሥሩ ድንገተኛ ሕክምና እንዲደረግለት የሚፈቅድ አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ።

ፎቶግራፍ ለብቻው ይፈቀድ። ጠመንጃ የያዘ ልጅ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ ከየት መጣ፣ ለምን ተነሣ የሚለውን ማንም አይከተለውም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ለልጁም ለቤተሰቡም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የተኩሱን ፈቃድ የሰጠ ወላጅ ፎቶውን ቢከለክል መብቱ ነው።

ማን ይፈርማል?

በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ አካለ መጠን ያልደረሰ ነው፤ እናትና አባት በጋብቻቸው ጊዜ በጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። ለዚህ ጉዞ የአንዳቸው ፊርማ በተግባር ይበቃ ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ «አልፈልግም» ካለ ግን ልጁን አትውሰዱ።

«ሞግዚት» የሚለውን ቃል ፎርሙ ላይ አትጻፉ። በሕጉ ቋንቋ ትልቅ ሥልጣን ነው፤ በቤት ቋንቋ ግን ልጅ የምትጠብቀዋ ሠራተኛ ናት፤ ወረቀቱ በእሷ ፊርማ ተመልሶ ይመጣል። «ሕጋዊ አሳዳሪ (በፍርድ ቤት የተሾመ)» ብላችሁ ግልጽ አድርጉት። አያት ወይም አክስት የሚያሳድጉት ልጅ ከሆነ ወላጅ በሕይወት ካለ ወላጁን በስልክ አግኙ፤ ከሌለ የአሳዳሪነት ወረቀቱን ይዩ።

የልጁ ስም ከነአያቱ ይጻፍ ያልንበት ምክንያት ፎርሙን ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ለማመሳከር ነው። የእናትየው ስም ከልጁ ጋር አለመመሳሰሉ ያለ የነበረ ስለሆነ ለጥርጣሬ ምክንያት አይሆንም።

የልደት ዓመቱ ግን ጣጣ አለው። ከጎኑ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። ፎርሙ ላይ «2009» ብቻ ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ልጁ በ2018 ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነና መስከረም ላይ ተወልዶ ከሆነ 16 ዓመቱ ነው። በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ወጣት በስሕተት 16 ብሎ ያስገባው ልጅ ማለዳ ላይ ከጠመንጃው የማይረዝም ሆኖ ይመጣል። ወርም በቁጥር አይጻፍ፤ «የካቲት» በሉ። ሰዓቱም እንደዚሁ፦ «ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል» ካላላችሁ በፈረንጅ ሰዓት የለመደ ወላጅ ልጁን ከሰዓት በኋላ ያመጣዋል።

ፊርማውን ማጣራት

ፎርሙ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይሰጥ፣ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ይመለስ። በበር ላይ የሚፈረም ፈቃድ አትቀበሉ፤ ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ እያለቀሰ «አይሆንም» የሚል ወላጅ የለም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ወላጅ ደውሉ። «ፈርመዋል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ ለልጁ ጎረምሳ ጓደኛም። እንዲህ በሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ልጅዎ ቅዳሜ ወዴት እንደሚሄድ ነግሮዎታል?» መልሱ «ሶደሬ፣ ዋና» ከሆነ ወረቀቱን ያዩት ልጁና የፈረመለት ሰው ብቻ ናቸው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ቴሌብር ላይ ገንዘብ ለመላክ ያህል አስገቡት፤ የባለቤቱ ስም ይወጣል፤ ሳትልኩ ተመልሳችሁ ውጡ። ሲም ካርዱ በሌላ ዘመድ ስም የወጣበት ቤት ብዙ ስለሆነ ስሙ አለመግጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ደግሞ ለመጠየቅ ግን ምክንያት ነው።

ልጁንም ጠይቁት። አባቱ ወንድነቱን እንዲያይለት የላከው፣ እሱ ግን የማይፈልግ ልጅ አለ፤ ከአባቱ ፈቃድ ይልቅ የልጁ እምቢታ ይሰማ።

ቀኑ ሲደርስ

ከአዳማ በተሻለ ነፋስን የሚያውቅ ከተማ ጥቂት ነው፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ግማሽ ግራም ገደማ የምትመዝነዋ የእርሳስ ጥይት በ10 ሜትር ብዙም ባትገፋ፣ የወረቀት ኢላማው ይርገበገባል፣ አቧራውም ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ዓይኑን የሚያሽ ልጅ እጁ ላይ ጠመንጃ መኖሩን ይረሳል። ሜዳ ላይ ከሆነ ማለዳው ይሻላል።

ከኢላማው ጀርባ ምን እንዳለ አስተባባሪው ራሱ ሄዶ ይይ። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ከሆነ እርሳሷ ተመልሳ ተኳሹ ላይ ትመጣለች። ጥይቱን ይዞ የሚያስቀር ወፍራም የጨርቅ ክምር ወይም የአሸዋ ግድብ ያስፈልጋል። ግድቡን የሳተ ጥይት ከመቶ ሜትር አልፎ ሊሄድ ስለሚችል ከኋላው መንገድ ወይም ግቢ ካለ ቦታው አይሆንም። መነጽር ተኳሹ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቀውም ያድርግ። ድቡልቡል የብረት ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ ከቀረበ አትቀበሉ፤ ብረት ከእርሳስ ይበልጥ ይነጥራል።

የተፈረሙት ፎርሞች ከልጆቹ ጋር ቦታው ላይ ይኑሩ፤ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ስልክ ቁጥር አይረዳም። ጥይት ቆዳ ውስጥ ከገባ አትቆፍሩት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሐኪም ቤት። ዓይን ከተመታ ማሸትም፣ ማጠብም፣ የተሰካውን ማውጣትም ክልክል ነው፤ በወረቀት ኩባያ ታች፣ ዓይኑን ሳይነካ፣ ከላይ ሸፍናችሁ ልጁ ተቀምጦ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። መጀመሪያ ሕክምናው፣ ወዲያው ለወላጁ ስልክ።

ለመመለሻው ፎርሙ ላይ ልጁን የሚረከበው ሰው ስም ይጻፍ። «ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ» ያለውን ልጅ ያለ ወላጅ ቃል አትልቀቁት።

ከመሳፈራቸው በፊት ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ለሃያ ልጅ ይበቃል። ጥይቱ የተሠራበት እርሳስ መርዝ ነው፤ በጣት ይቀራል፣ ከጣት ወደ አፍ ይሄዳል። ጥይት አፍ ውስጥ አድርጎ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ካያችሁ ወዲያው አስተፉት። ኪሳቸውንም ፈትሹ፤ ተራቸውን ሲጠብቁ የሚቆረጥሙት ቆሎ ከተረፉት ጥይቶች ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።