የበረራ ቁጥርን እንዴት ማንበብ ይቻላል? ድሬዳዋ ላይ እንግዳ ለሚቀበሉ

ከሐረር ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ እንግዳ ተቀባይ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በስልኩ ያለው መረጃ ብዙ ጊዜ «በኢቲ 501 እመጣለሁ» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኢቲ 501 ከዋሽንግተን ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ በረራ ስለሆነ፣ እንግዳው ቦሌ ወርዶ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው በሌላ ቁጥር ነው።

በመጀመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ይለዩ። በ071 የሚጀምረው 13 አሃዝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የትኬት ቁጥር ነው። ስድስት ፊደላትንና አሃዞችን የያዘው ደግሞ የቦታ ማስያዣ መለያ ሲሆን፣ ከተሳፋሪው ስም ጋር ሌላ ሰው እጅ ከገባ ጉዞውን ለመቀየር ወይም ለመሰረዝ ሊያገለግል ስለሚችል እንዲላክልዎት አይጠይቁ። የበረራ ቁጥር የሚባለው ሁለት የላቲን ፊደላት (አንዳንድ ጊዜ አንዱ አሃዝ ሊሆን ይችላል) እና ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት ከአንድ እስከ አራት አሃዞች ናቸው።

ፊደላቱ የአየር መንገዱን ማንነት ይነግራሉ፤ ኢቲ የኢትዮጵያ፣ ኢኬ የኤምሬትስ፣ ኬኪው የኬንያ ነው። በአውሮፕላኑ አካል ላይም ኢቲ ተጽፎ ሊያዩ ይችላሉ፤ እርሱ ግን በኢትዮጵያ የተመዘገቡ አውሮፕላኖች መለያ መነሻ ስለሆነ ከበረራ ቁጥሩ ጋር አይምታታብዎት። የበረራ ቁጥር የጉዞው ስም እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም፤ ዛሬ አንዱ አውሮፕላን፣ ነገ ሌላው በዚያው ቁጥር ይበርራል።

አሃዞቹን የሚመርጠው አየር መንገዱ ራሱ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራዎች በአብዛኛው 500ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ 600ዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤውና እስያ፣ 700ዎቹ ወደ አውሮፓ ናቸው። ሙሉ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚወጣውን፣ ጎደሎ ቁጥር የሚመለሰውን ያመለክታል፤ ለምሳሌ 700 ወደ ለንደን ሲሄድ 701 ከለንደን ይመጣል። ልማድ እንጂ ሕግ ስላልሆነ ግን በእርሱ ብቻ ተማምነው አይውጡ።

ትኬቱ ላይ የሌላ አየር መንገድ ፊደላት ቢያዩ አይደንግጡ። አየር መንገዶች አንዱ በሌላው በረራ ላይ በራሱ ቁጥር ትኬት ስለሚሸጡ፣ በሉፍታንዛ ቁጥር የተገዛ ጉዞ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ሊሆን ይችላል። በረራውን በተግባር የሚያከናውነው ማን እንደሆነ ከቁጥሩ አጠገብ በትንሽ ጽሑፍ ይገለጻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀንና ሰዓቱ ላይ ነው። ያው ቁጥር በየቀኑ ሊደጋገም ስለሚችል ያለ ቀን ትርጉም የለውም፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የመነሻው ከተማ ቀን ነው። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ የየከተማው የአካባቢ ሰዓት ስለሆነ፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ስድስት ይቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ይቀንሱ፤ 13:30 ከቀኑ 7:30፣ 20:10 ከምሽቱ 2:10 ይሆናል። አስቸጋሪው ከ00:00 በኋላ ያለው ነው፤ እስከ 06:00 ድረስ ስድስት መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:15» ካለ እኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:15 የምንለው ነውና፣ ማክሰኞ ማታ የሚወጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል።

በመጨረሻ ትኬቱ ላይ መድረሻው ዲአይአር (DIR) ተብሎ የተጻፈበትን መስመር ይፈልጉ፤ ይህ የድሬዳዋ መለያ ሲሆን፣ እርስዎ የሚጠብቁት ቁጥር በዚያው መስመር ያለው ነው። በስልክ መተግበሪያ ሲከታተሉ በኢቲ ፈንታ ኢቲኤች ቢያገኙ፣ በበረራ ቁጥጥር ሥራ ላይ የሚውለው የአየር መንገዱ ባለሦስት ፊደል መለያ ነውና አሃዙ ያው መሆኑን አይተው ይቀጥሉ። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ እንግዳው ተከታዩን ካጣ በሌላ በረራ ስለሚሳፈር ትኬቱ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም፤ ስለዚህ ከሐረር ከመነሣትዎ በፊት ቦሌ በተሰጠው ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) ላይ ያለውን የበረራ ቁጥር ብቻ ጽፎ እንዲልክልዎት ይንገሩት።