የሙከራ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ዛሬ ምን እንደሚያምን እንዴት እንጠይቅ?

ሀዋሳ ውስጥ ድሮ ዱላም ደረጃም የሌለበት፣ አዲስ ነገር የሚሞከርበት ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ሳይረፍድ ሄዳችሁ አናግሯቸው። እኔ ባለፈው ክረምት ታቦር ተራራ ስር የሚኖሩ አንድ ቲቸር ጋር ሄጄ ነበር፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስትደውሉ "ኢንተርቪው" አትበሉ ሰው ይደነግጣል፣ "ቲቸር ሰላም ልልዎት ልመጣ ነበር" ይበቃል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ስኳርም ቡናም ያዙ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅም ጥያቄ አታንሱ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። "ያኔ የሰራችሁት ልክ ነበር?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ማንም "አዎ" ነው የሚላችሁ። ይልቅ ከዛ ወጥተው የት እንደገቡ፣ በተለይ ደግሞ የራሳቸውን ልጅ የት እንዳስተማሩ ጠይቁ። እኔ ይሄን ስጠይቃቸው ቲቸር ስኒውን በእጃቸው እያዞሩ ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ (ዝምታውን አትሙሉት በናታችሁ)፣ ከዛ "የልጄ ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ስንተኛ እንደወጣች ነው" አሉኝ። ስንት ዓመት ደረጃ ሳይሰጡ ያስተማሩ ሰው ናቸው! ዱላን ግን ዛሬም አይቀበሉም፣ ጎረቤት ልጅ ሲመታ ከሰሙ በሩን ያንኳኳሉ።

ስለዚህ "ተለውጠዋል ወይስ አልተለወጡም" ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉት፣ የቱን ትተው የቱን እንደያዙ ለይታችሁ ጠይቁ። የውጪዎቹም እንደዛው ናቸው። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ላይ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1904 ከዩኒቨርሲቲው ለቀቀ፣ በ1938 ደግሞ እድሜው ሰማንያ ሊሞላ ሲል ባሳተመው መጽሐፍ ሀሳቡን ሳይተው፣ አሮጌውን ትምህርት መጣል ብቻውን በቂ የመሰላቸውን አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተቸ። እንግሊዝ ያለውን ሰመርሂል የሚባለውን የሙከራ ትምህርት ቤት የመሰረተው ኒል ግን ከ1921 ጀምሮ እስከሞተበት 1973 ድረስ እዛው ትምህርት ቤቱ ጋር ነበር። ሁለቱንም ለቲቸር ነገርኳቸው፣ የዱዊው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስትጨርሱ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ተመለሱና አንብቡላቸው፣ ይውጣ ያሉትን አውጡ። የክላስ ፎቶ ካላቸው ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ማን እንደሆነ እየጠየቃችሁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ አይሆንም ቀለሙ በፎቶው ፊት በኩል ይወጣል።