የላይላክ ዘር እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በሚኒሶታም ሆነ በኮሎራዶ ግንቦት ሲገባ ሰፈሩን በመዓዛው የሚያውደው ሐምራዊ ቁጥቋጦ ላይላክ ነው። ትውልዱ ከባልካን ተራሮች ስለሆነ ብርድ ለምዷል፤ ከዘር ሲያበቅሉት መጀመሪያ የሚገጥመው ችግርም ብዙ ጊዜ ከብርድ ማጣት የሚመጣ ነው።

ዘሩ አልበቀለም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘሩ ብርድ አለማግኘቱ ነው። ዘሩን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀላቅለው በፌስታል ያድርጉትና ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ያቆዩት። አሸዋው በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ካንጠባጠበ እርጥበቱ በዝቷል፤ ዘሩ ይበሰብሳል። በረዶ የሚሠራው ክፍል ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፍሪጅ ማጨናነቅ የማይፈልግ ሰው በመከር ወቅት ደጅ ዘርቶ ለተፈጥሮ ይተወው።

ሁለተኛው ምክንያት ያልበሰለ ዘር መልቀም ነው። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር ይለቀማል፤ ሲከፍቱት ዳር ዳሩ ስስ ክንፍ ያለው ጠፍጣፋ ዘር ያገኛሉ፤ በአንድ ፍሬ ቢበዛ አራት። ሲዘሩትም ከ1 ሴንቲሜትር በላይ አይቅበሩት። በ20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይታገሡ።

ቡቃያው በአንድ ሌሊት ወደቀ

ጎንበስ ብለው ግንዱ ከአፈሩ የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ክር አክሎ ከቀጠነና ከጠቆረ አፈር ወለድ ፈንገስ ነው። የወደቀው አይነሣም፤ መድኃኒት ፍለጋ አይድከሙ። ከነአፈሩ ቆንጥረው ይጣሉትና የቀሩትን ያድኑ፦ ክዳኑን አንሥተው አየር ይስጧቸው፤ ውሃውንም ከላይ ማፍሰስ ትተው ከታች በሰሐን ያጠጡ። ለሚቀጥለው ዙር ከጓሮ የተዛቀ አፈር አይጠቀሙ።

ቡቃያው ቀጥኖ ከተመዘዘ ደግሞ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ መስኮቱ ያስጠጉት።

በመጀመሪያው የብርድ ወራት ደረቀ

መሬት ላይ ያለ ላይላክ ከባድ ብርድ ይችላል፤ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ያለው ግን ሥሩን ብርዱ ከየአቅጣጫው ይመታዋል። ማሰሮውን እስከ አፉ መሬት ውስጥ ቀብረው በደረቅ ቅጠል ያልብሱት። አዝኖለት ሞቃት ሳሎን ማስገባት ደግነት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው፤ ማረፊያውን ይነጥቀዋል።

ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል

ይህም ፈንገስ ነው፤ የበጋው ሙቀት ሊያበቃ ሲል ይመጣል። መልኩን ያበላሻል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም። ጥላ ከበዛበት ወይም ከተጨናነቀ ያስፉለት።

ዓመታት አለፉ፤ አበባ የለም

ከዘር የበቀለ ላይላክ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ በሦስተኛው ዓመት መማረር ችኮላ ነው። ዕድሜው ከደረሰ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል? ለሣር የተበተነ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ደርሶት ቅጠል ብቻ አብዝቶ ይሆን? መቼ ተገረዘ? የመጪው ዓመት እንቡጥ የሚቋጠረው አበባው ከረገፈ በኋላ በዚያው በጋ ስለሆነ፣ በመከር የገረዘው ሰው አበባውን አብሮ ቆርጦታል። መግረዝ አበባው እንደረገፈ ወዲያው ነው።

ዘሩን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ያሰበ ካለ ይህን ይወቅ፦ እዚያ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ስለሌለ የተለመደው ላይላክ ቅጠል ቢያወጣም አበባ ይነፍጋል።

አበባው እናቱን አልመሰለም

ከዘር የመጣ ነውና አይገርምም። ያንኑ ቀለም የሚፈልግ ከእናቲቱ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ከነሥሩ ነቅሎ ይትከል፤ እናቲቱ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተቀጠለች ከሆነች ግን ከሥር የሚወጣው የዚያ የሌላው ተክል ነው።