ማሽኑ ዓድዋ የሚደርሰው በማግስቱ ነው፦ የጊዜ ጉዞ ልብወለድ ብልሽቶችና ጥገናቸው

ለእርማት ከሚመጡልኝ የጊዜ ጉዞ ድርሰቶች አብዛኞቹ ዓድዋ ይሄዳሉ። የቀሩት መቅደላ፣ ጎንደር ወይም ላሊበላ ያርፋሉ። ማሽኑ በምን ኃይል እንደሚሠራ አልጠይቅም፤ በጨረርም ይሁን በጠበል፣ አንባቢ ለአንድ ገጽ ካመነው ይበቃኛል። ዋናው ገጸ ባሕሪ ዓላማ እንደሚያስፈልገው፣ ታሪኩም መነሻና መድረሻ እንዳለው ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ። እዚህ የማነሣው እጄ እስኪዝል ድረስ ደጋግሜ የጠገንኩትን ነው።

ምልክት፦ ረቂቁ «በሰዓቱ ደረሰች» ይላል፣ ጦርነቱ ግን አልቋል

ይህን ብልሽት ደራሲው ራሱ አያየውም። አንድ ወጣት ከሁለት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ረቂቅ አመጣልኝ። ቋንቋው ያምራል። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ «ማርች 2 ቀን 1896» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይበራል፤ ጀግናዋ ስትወጣ ጎህ እየቀደደ ነው፣ መድፍ ያጓራል፣ ነጋሪት ይጎሰማል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ማርች 2 ቀን 1896 ሰኞ ነው። መድፉ ዝም ብሏል። ቁስለኛ ያቃስታል፣ ምርኮኛ ይቆጠራል፣ ወንድሙ የጠፋበት ሰው ከሬሳ ሬሳ ይዞራል። ጀግናዋ የደረሰችው ለቀብሩ ነው። ይህን ስነግረው ወጣቱ ተቆጣ። «የዓድዋ በዓል በየዓመቱ ማርች 2 ቀን አይደለም እንዴ የሚከበረው?» አለኝ። ነው። ብልሽቱም የመጣው ከዚያው ነው።

መንስኤ፦ የካቲት 23 በእኛ ዘመን ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1 ላይ ነበር፣ እሑድ። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል፣ የሚምረው ዓመት የለም። የአውሮፓውያኑ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን ክፍለ ዘመን የሚዘጉትን ዓመታት፣ ለ400 ካልተካፈሉ በስተቀር፣ 366 ቀን አይሰጣቸውም። 1900 ለ400 አይካፈልም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የሚባል ቀን አልነበረም። እነሱ ዘለሉ፣ እኛ አልዘለልንም፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ዛሬ ሴፕቴምበር 11 ላይ የምናገኘው እንቁጣጣሽ በዓድዋ ጦርነት ዘመን በአብዛኛው 10 ላይ ይውል የነበረው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ ዓመቱን ብቻ ቀንሳችሁ ቀኑን እንደ ዛሬ አትተዉት። ድርጊቱ እ.ኤ.አ. ከማርች 1900 በፊት ከሆነ ከዛሬው አቻ ቀን ላይ አንድ ቀን ቀንሱ። ከማርች 1800 በፊት ከሆነ ሁለት፣ ከማርች 1700 በፊት ከሆነ ሦስት። ከኦክቶበር 1582 ወደ ኋላ ከሄዳችሁ አውሮፓውያኑም በዩልዮስ አቆጣጠር ላይ ስለነበሩ ሒሳቡ ይለወጣል፤ መስከረም 1 ኦገስት 29 ላይ ይውላል፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ደግሞ 30 ላይ።

ቀን የሚቀይር የስልክ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ፈትኑት። የካቲት 23 ቀን 1888 ብላችሁ አስገቡ። ማርች 2 ካላችሁ አጥፉት፤ በሠላሳ መስመር የተሰፋ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ዛሬን ወደ ኋላ ከመግፋት ሌላ አያውቅም። ሁለተኛ ፈተና፦ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያለፉበት ዕለት። መልሱ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት መሆን አለበት። ወሩም ቀኑም ሊያሳስት ይችላል፣ የሳምንቱ ቀን ግን አይዋሽም፤ የትኛውም አቆጣጠር ሲታረም ከሰኞ ቀጥሎ ማክሰኞ ነው የመጣው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ስምንት ቀንስ» የሚለውን ሕግ እርሱት። የውጫሌ ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም በ1889 ነው። በእኛ ግን ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ንግሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። የእነሱ አንድ ዓመት ለእኛ ሁለት ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከጃንዋሪ በኋላ ስምንት። ስምንትን ለሁሉም የቀነሰ አንድ ረቂቅ ምኒልክን ዓመት ቀድሞ አንግሦ፣ ደራሲው በአፄ ዮሐንስ ላይ ሴራ ጨምሮበት ነበር። ሴራው ግሩም ነው። የመነጨው ግን ከመቀነስ ስሕተት ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ሰዓቱ። ውጊያው የተጀመረው ማለዳ ነው። ማሽኑ የፈረንጅ ሆኖ ጀግናው «12 ሰዓት» ብሎ ከሞላው የሚያርፈው ቀትር ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ የጣሊያኑ ጄኔራል የአልቤርቶኔ ጦር ተሰባብሮ አልቋል። ማሽኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጥር በመጀመሪያው ምዕራፍ ይታወቅ። ስድስት ሰዓት ቀላል ነው አትበሉ፤ በጦር ሜዳ ስድስት ሰዓት ብዙ ነው።

በዚሁ ጉዳይ ሳልጨርስ፦ ጀግናው የመጀመሪያውን ገበሬ «ዓመቱ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «1888» የሚል መልስ ባነበብኩ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ገበሬው «ዘመነ ዮሐንስ» ቢል ነው የሚያምርበት። መልሱ ትክክል ነው፣ ለጀግናው ግን ብዙም አይጠቅመውም፤ ዘመነ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና 1884 ይሁን 1888 ወይም 1892 ራሱ ያጣራ። ያለ ምንም ወጪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጭንቀት አገኛችሁ ማለት ነው።

ብልሽቱን ሳትጠግነው የተወች አንዲት ደራሲ አለች። የእሷ ጀግና ከዋሽንግተን የተነሣ መሐንዲስ ነው። በዓሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ማርች 2 ቀን ሲያከብር ስላደገ ማሽኑን በዚያ ይሞላዋል፤ ሰኞ ይደርሳል። ሊዋጋ የመጣው ሰው የቅድመ አያቱን አስከሬን ሲፈልግ ይውላል። አንዱን ቀን ምን እንደበላው የሚገባው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አንድም መስመር አልነካሁባትም።

ምልክት፦ ጥንቱ ነጠላ የለበሰ ዛሬን ይመስላል

ጀግናው በላሊበላ ዘመን ቀይ ወጥ ይበላል፣ በፋሲለደስ ጎንደር በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ያርፋል፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሦስት ሲኒ ቡና ተፈልቶለት በጠገራ ብር ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ስንት ጊዜ መለስኩ!

በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ኮሎምበስ ወደዚያ የቀዘፈው እ.ኤ.አ. በ1492፣ ንጉሥ ላሊበላ ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቡናም በደጋው ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የእስላም መጠጥ ተብሎ የሚሸሽ ነበር። ጠገራው ላይ ያለችው ማርያ ቴሬዛ የተወለደችው ደግሞ ፋሲለደስ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

መፍትሄው ዝርዝር መሸምደድ አይደለም። ጀግናው የሚነካውን፣ የሚበላውን፣ የሚከፍልበትን እያንዳንዱን ዕቃ «አንተ ከየት መጣህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጡ አልጫ ይሁን፣ ቅመሙ ሰናፍጭ፣ ክፍያው አሞሌ ጨው። ጠርጥራችሁ ማረጋገጥ ካቃታችሁ ዕቃውን አውጡት፤ አንባቢ በሌለ ሲኒ ላይ ስሕተት አያገኝም።

በገንዘቡ ላይ ግን ቆም በሉ፣ ትልቁ ዕድል ያለው እዚያ ነው። የጊዜ ጉዞን ከፈረንጅ የተማርነው የሚመስላቸው አሉ። ተረፈ ኤርምያስ በሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ አቤሜሌክ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። ከስደት ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ለረጅም ዘመን የተኙት ሰባቱ ደቂቅ ሲነቁ እንጀራ እንዲገዛ የላኩት ጓደኛቸው የተጋለጠው በእጁ በነበረው፣ ካሳደዳቸው የሮም ንጉሥ ከዳኬዎስ ዘመን በቀረ ገንዘብ ነው፤ ሻጩ የተቀበረ ሀብት ያገኘ መሰለው። ሙስሊም አንባቢዎቻችሁም ከከህፍ ምዕራፍ ያውቋቸዋል፣ እዚያም ምግብ ፍለጋ የተላከው ሰው ብር ይዞ ነው። ማሽን የለም፣ ሰሌዳ የለም፤ አንድ ሳንቲም ብቻ ሁለት ዘመን ያጋጫል። የእናንተ ጀግና ግን የሁለት መቶ ብር ኖት ለአንድ የ1888 ስንቅ ሻጭ ሲሰጥ ሻጩ ፈገግ ብሎ መልስ ይቆጥርለታል! በቃ፣ እዚያው ላይ ሞተ። ከተጓዡ እጅ ወደ ዘመኑ ሰው እጅ የሚያልፈው የመጀመሪያው ዕቃ ጠብ ካላስነሣ ትዕይንቱን እንደገና ጻፉት።

ምልክት፦ ሁሉም ሰው ንግግር ያደርጋል

ይህ በአጭሩ ይታከማል። ንጉሡ ለእንግዳው ስለ አንድነት ሦስት ገጽ አይናገሩም። ወታደሩም «ዳግማዊ አፄ ምኒልክ» አይልም፣ «አባ ዳኘው» ይላል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ጀግናው የጣሊያንን ዕቅድ በካርታ አስረድቶ ሲሸለም ነው። ሁለቱም ወገን ሰላይ ባሰማራበት፣ እንደ ባሻይ አውዓሎም ያለ ሰው በሁለት ፊት በሚመላለስበት ሰፈር፣ የጣሊያኑን አዛዥ የባራቲዬሪን ጦር አሰላለፍ የሚያውቅ ባይተዋር የሚጠብቀው ሽልማት ሳይሆን እግር ብረት ነው። ስልኩን አውጥቶ ካበራማ ምስክርም አያስፈልግ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጀግናው አያቱን ገድሎ ራሱ ካልጠፋ፦ ያለፈው ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለውን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ወስኑ፣ ከዚያ አትንኩት።

ማሽኑ ተነሥቶ ሕዋ ላይ ካረፈ፦ መሬት ትንቀሳቀሳለች የሚል አንባቢ በየጊዜው አንድ ይገኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡትና እለፉ።

ጀግናው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባቡር ወደ ዓድዋ ከዘመተ፦ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ከጦርነቱ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ነው፣ ያውም ከጂቡቲ ነው የመጣው። በቅሎ ስጡት።

ጉዞው ወደ ፊት ከሆነ፦ 2100ም ለ400 አይካፈልም። ከዚያ ዓመት በኋላ እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ የካቲት 23ም ወደ ማርች 3 ይሸሻል። የማሽኑን ሰሌዳ አሁኑኑ አርሙት።