ግለ ታሪክ እንዴት ይነበባል? ለሰውስ እንዴት ይመረጣል?

ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ አራት ዓመታት ጻፉ፦ ባለታሪኩ የተወለደበት፣ ዋናው ድርጊት የተፈጸመበት፣ መጽሐፉ የተጻፈበትና የታተመበት። የተጻፈበትን ዘመን ብዙ ጊዜ ከመቅድሙ ግርጌ ታገኙታላችሁ። ድርጊቱና ጽሕፈቱ ሠላሳና አርባ ዓመት ከተራራቁ፣ በትእምርተ ጥቅስ የተቀመጠ ረጅም ንግግር ሐሳቡ እንጂ ቃሉ አይታመንም። ደራሲው በጊዜው የጻፈው ማስታወሻ ካለው ነገሩ ሌላ ነው።

የቀን ስሌት ብዙዎችን ያሳስታል። የአውሮፓን ዓመት ወደ እኛ ስትመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። ደርግ ያለ ፍርድ የረሸናቸው ስድሳዎቹ የተገደሉት ኖቬምበር 23 ቀን 1974 ነው፤ በእኛ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.። በደፈናው 8 የቀነሰ ተርጓሚ ኅዳር 1966 ያደርገዋል፤ የየካቲቱ አብዮት ሳይፈነዳ፣ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ማለት ነው!

ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ደራሲው በዓይኑ ያየውን «አ»፣ ከሰው የሰማውን «ሰ» እያላችሁ ኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉ። ግሡንም ተከታተሉ። «አዘዝኩ»፣ «ወሰንኩ» ሲል የቆየ ሰው ድንገት «ተወሰነ»፣ «እርምጃ ተወሰደ» ካለ እዚያ ላይ አስምሩ። ማን ወሰነ? እሱስ የት ነበር? የባለሥልጣን ግለ ታሪክ እውነተኛ ፈተናው እዚህ ነው፤ የልጅነት ምዕራፍማ ሁሉም ያሳምረዋል።

ቀጥሎ ያንኑ ድርጊት ከሌላ ሰው ብዕር ፈልጉ። ልዑል ራስ እምሩ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሽሬን ግንባር በአዛዥነት መርተዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያው ጦር የዘመቱ ወጣት ነበሩ። የራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው»ንና የሐዲስን «ትዝታ» ይዛችሁ የጦርነቱን ክፍል ብቻ ጎን ለጎን አንብቡ። የሚለያዩበት ቦታ ሲገጥማችሁ «አንዱ ዋሸ» ለማለት አትቸኩሉ። ከአዛዡ ድንኳን የሚታየው ጦርነትና ዘማቹ ከቆመበት የሚታየው አንድ አይደለም።

ለሰው ስትመርጡ «ምን ትወዳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ታሪክ» ነው። በቅርቡ ጀምሮ የጨረሰው መጽሐፍ የቱ እንደሆነ ጠይቁት። ስትሰጡት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ደራሲው በዚያን ጊዜ ምን ሥራ ላይ እንደነበረ፣ ስለ ምን ዝም እንዳለ፣ ከየትኛው ገጽ ቢጀመር እንደሚሻል። ይህችን የመጨረሻዋን አትናቋት። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስቀምጠው በትውልድ ሐረጉ ምዕራፍ ተሰላችቶ ነው፤ ያንን ዘሎ በኋላ ቢመለስበት ምንም አይጎድለውም።

በቀይ ሽብር ዘመድ ላጣ ሰው ግን የዚያን ዘመን ሹም መጽሐፍ በድንገት አታቀብሉ። ስለ ግድያው የሚያወራው ክፍል የት እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከእስረኞቹ ወገን የተጻፈም አብራችሁ ስጡት፣ የቱን እንደሚያስቀድም ራሱ ይምረጥ።